የተቀጠረ ረሃብ

መስታወት የሚልስ ዓሣ የገዛ ሰው የገዛው ረሃብ ነው። ሻጩ ግን እንዲህ ብሎ አይሸጠውም፤ «ያጸዳልሻል፣ ከእንግዲህ እጅሽን ውሃ ውስጥ አትከቺም» ነው የሚለው። ገዢም ቤቱ ወስዶ ገንዳው ውስጥ ሲለቀው የሚጠብቀው ጽዳት ነው። ዓሣው ስለ ጽዳት የሚያውቀው የለም። ርቦታል፤ የሚበላው ደግሞ እኛ እድፍ ያልነው አረንጓዴ ሽፋን ሆኖ ተገኝቷል። እኛ አገልግሎት ያልነው ለእሱ ምሳ ነው፤ ምሳውንም የሚበላው እኛን ለማስደሰት አይደለም። በየሳሎኑ ያለው የዓሣ ገንዳ ሰላም የቆመው በዚህ አለመግባባት ላይ ነው።

አለመግባባቱ ማንን ይጎዳል ሊባል ይችላል። መስታወቱ ጠርቷል፣ ዓሣው ጠግቧል፣ ባለቤቱ ደስ ብሎታል። ችግሩ የሚመጣው መስታወቱ በደንብ በጠራ ማግስት ነው። ጽዳት የገዛ ሰው ሥራው አልቋል ብሎ ይቀመጣል፤ ረሃብ የገዛ ሰው ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

ዲላ ውስጥ አኳሪየም እንደ ልብ የሚታይ ነገር አይደለም። ዓሣው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ በሐዋሳ በኩል ወደ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ይረዝማል፤ ለገበያ የሚቀርቡት አልጌ በል ዓሦች አብዛኞቹ ዘራቸው ከደቡብ አሜሪካ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች ነው። እኔ ጋ ሁለት ዓይነት አሉ። አንደኛው ኦቶሲንክለስ ይባላል፤ ርዝመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ብቻውን ሲሆን የሚጨነቅና በመንጋ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ፕሌኮ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ገላው በአጥንት ጥሩር የተሸፈነ፣ ቀኑን ከግንድ ሥር ተሸሽጎ የሚውል፣ ማታ ማታ የሚሠማራ። የዲላ አየር ለሁለቱም አይከፋቸውም። የሚያስቸግረው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ዝም ይላል፤ ቀን ቀን ኦክስጅን የሚሰጠው አልጌም ጨለማ ላይ ዞሮ ከዓሦቹ ጋር ያንኑ ኦክስጅን ይሻማል። ሌሊቱን በጆግ ውሃ እየቀዱ ከላይ ማፍሰስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፕሌኮ መስታወት ላይ ሲለጠፍ አፉን ከሥር በኩል ማየት ይቻላል። ወንዝ ውስጥ ይህን ማንም አያየውም፤ ከላይ የሚታየው ድንጋይ የመሰለ ጀርባ ብቻ ነው። መስታወት ግን ሆዱን ያጋልጠዋል። ከንፈሩ ክብና ሥጋማ ሆኖ እንደ ተጣበቀ ይቀራል፤ በመካከሉ ከላይና ከታች የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች ፊትና ኋላ እየተመላለሱ ይፍቃሉ። ያለፈበት ቦታ አረንጓዴው ላይ እንደ ተጫረ ጠባብ መስመር ይታያል። መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ይቋረጣል፣ ጥግ ላይ ያለውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱን ቦታ ሦስቴ ይመላለስበታል፤ ከአጠገቡ ያለውን አረንጓዴ ዞር ብሎ አያየውም። ይህ የመጥረጊያ አካሄድ አይደለም። እየመረጠ የሚበላ ሰው ገበታ ላይ እጁን የሚሰድበት አካሄድ ነው።

የሚመርጠውም በምክንያት ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣውን ቡናማ ዱቄት መሳይ ሽፋንና መስታወት ላይ የሚያርፈውን ለስላሳ አረንጓዴ ይወዳል። እንደ ፀጉር የረዘመውን አልጌ ግን አይነካውም። ውሃውን ራሱን እንደ አተር ሾርባ የሚያደርገውን ተንሳፋፊ አልጌ ሊበላው አይችልም፤ የሚፍቀው ገጽ የለውማ። ድንጋዩን እንደ ጨርቅ የሚያለብሰውና የሚሸተው ሰማያዊ አረንጓዴ ደግሞ እንኳን ፕሌኮ ቀንድ አውጣም ይሸሸዋል። ስለዚህ «አልጌ ካስቸገረሽ ዓሣ ግዢ» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። ሌላው ግማሽ አልጌው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ብርሃን ከመስኮቱ ገባ፤ ምግብ ከእጄ ወደቀ፤ ዓሦቹ የተውት ምግብና ያወጡት ኩስ ተበላሽቶ ማዳበሪያ ሆነ። ዋቅላሚ እያሉ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚጠሩት ይህ ፍጥረት ሌላ የሚፈልገው የለም። አረንጓዴው የእኔ ቸርነት ትርፍ ነው። ዓሣውን የምገዛው እንግዲህ ከእጄ የተረፈውን እንዲበላልኝና እጄን ሳልሰበስብ እንድኖር ነው።

እንግዳ ሲመጣ ስለዚህ ዓሣ የሚነገረው ቀልድ ሁለት ነው። አንዱ «ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ አገኘሽ!» የሚለው ነው። ቀልዱን የሚቀልዱት ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስሰማው የማየው ከጓዳ ብቅ ብላ ቡና የምታቀርበውን ልጅ ነው። እሷም ከገጠር ስትመጣ ያመጣት ችግር ነው፤ ቤቱ የሚያውቀው ግን ጽዳቷን ነው። ይህን ጉዳይ ከዓሣ ጋር አያይዞ ማስረዘም ነውር ስለሚሆን እዚህ ላይ ልተወው።

ሁለተኛው ቀልድ ይሻላል። ሁዳዴ ላይ የመጣች ጎረቤቴ «ይሄስ ጾመኛ ነው፣ ሥጋ አይቀምስም» ብላ ሳቀች። ጾመኛነቱ ልክ ነው ማለት ይቻላል፤ ፕሌኮ የሞተ ዓሣ ሲያገኝ እንደማይምር አልነገርኳትም። ነገር ግን ሌላ ነገር አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ርኩስ ይለዋል። በዚህም ምክንያት ነው አምባዛ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤት የማይገባው፤ ቅርፊት የለውም። ፕሌኮና ኦቶሲንክለስም የአምባዛ ወገን ናቸው፤ ገላቸውን የሸፈነው የአጥንት ጥሩር ነው እንጂ ቅርፊት አይደለም። በገንዳው ውስጥ ካሉት ሁሉ በሕጉ ንጹህ ያልሆኑት እንግዲህ አጽጂዎቹ ናቸው። ቅርፊታቸው የሚያብረቀርቀውና ንጹሐን የሆኑት ወርቃማ ዓሦች ደግሞ ዋነኞቹ አቆሻሾች ናቸው። የሕጉ ባለቤት ይህን ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን አንድ ነገር ይገባኛል። የሚያጸዳ ሁሉ እድፉን ወደ ሆዱ ያስገባል። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አጽጂውን ይፈልጉታል፣ ይጸየፉታልም። ጅብም፣ ጥንብ አንሣም፣ ቆዳ ፋቂም እንደዚሁ ናቸው።

የማይታዩት በላተኞች ይብሳሉ። የገንዳውን ውሃ ዓሣ እንዲኖርበት የሚያደርጉት አልጌ በሎቹ አይደሉም፤ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን ከዓሣ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወስዶ ናይትሬት ያደርገዋል። እነሱ ተራብተው እስኪሰፍሩ አዲስ ገንዳ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በዚያ ወር ውስጥ ብዙ ዓሣ የጨመረ ሰው ብዙ ዓሣ ይቀብራል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ደግሞ እነሱኑ ይፈጃቸዋል፤ ለዚህ ነው ውሃው በባልዲ አድሮ የሚገባው። ስፖንጁን በሳሙና አጥቦ እንደ ብርጭቆ ያጸዳ ሰው ገንዳውን ገድሎታል። ከሁሉ ንጹህ የሆነው ውሃ በላተኛ የሌለበት ውሃ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዓሣ አይኖርም።

አንድ የወናጎ ገበሬ፣ ለጉዳይ ዲላ ሲመጡ ቤቴ ጎራ የሚሉ ሽማግሌ፣ ገንዳው ፊት ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና በከዘራቸው ጫፍ ወደ ፕሌኮው አመለከቱ።

«ይሄ ጥቁሩ ሥራው ምንድነው?»

«መስታወቱን ያጸዳል፣ አባባ። አረንጓዴውን ይበላዋል።»

«በልቶ ሲጨርስስ?»

«ጎመን እቀቅልለታለሁ።»

ዞረው አዩኝ። «ጎመን?»

«ጎመን፣ አንዳንዴም ዝኩኒ። ድንጋይ አስሬ ወደ ታች እሰድለታለሁ፣ ማታ ይበላዋል።»

«እንግዲያ ከብት ነው በይኛ!» አሉና ከልባቸው ሳቁ።

ከዚህ የተሻለ ቃል ከማንም አልሰማሁም። ኦቶሲንክለስን ገዝቶ መግደል የሚቻልበት ቀላሉ መንገድ ገንዳውን ንጹህ አድርጎ መያዝ ነው። መስታወቱ እስኪጠራ ይበላል፤ ከጠራ በኋላ ብዙዎቹ ወርቃማ ዓሣ የሚበላውን ደረቅ ምግብ አይቀምሱም፤ ሆዳቸው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ባለቤቱም መስታወቱ በመጥራቱ እየተደሰተ ሳለ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። በሥራው ውጤት የሚሞት ሠራተኛ ነው። ከብት ያለው ሰው ግን ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱ ሥራውን ጨረሰ አይልም። ድርቆሽ ይፈልጋል።

ስለዚህ ድርቆሽ አዘጋጃለሁ። ከወንዝ ዳር የለቀምኳቸውን ለስላሳ ድንጋዮች መጀመሪያ በፈላ ውሃ እነክራቸዋለሁ፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ከእነሱ ጋር እንዳይገባ። ከዚያ ከገንዳው በወጣ አሮጌ ውሃ፣ ነጭ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ፀሐይ የሚመታው ደረጃ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ፀሐይ ካለ ሳምንት ሳይሞላ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ በጣት ሲዳሰሱ እንደ ተላጠ የእንሰት ግንድ ያዳልጣሉ። በተራ አስገባቸዋለሁ፣ የተጋጡትን አወጣለሁ። ሠፈርተኛው ይህችን ሳፋ ሲያይ ለምን አትደፊውም ይለኛል። በሳሎን ውስጥ መስታወቱ እንዲጠራ በደጅ እድፍ እዘራለሁ፤ ለአጽጂ የሚሆን እድፍ ማረስ ነው ሥራው። ሞኝነት ይመስል ይሆናል። በየቤቱ ግን እንዲህ ያለ ሳፋ የሆነ ቦታ አለ፤ ልዩነቱ ባለቤቱ የሚያየው ቦታ መቀመጡና አለመቀመጡ ነው።

የሽማግሌው ግቢ ሄጄ አይቻለሁ። የጌዴኦን መሬት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጫካና ማሳ የት ላይ እንደሚለያዩ ማጣቱ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ቅጠላ ቅጠል። ከሀገሪቱ ሰው እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሰውና ዛፍ እንዲህ ተደራርበው ስለ ኖሩበት ነው። እዚያ ማሳ ውስጥ ቅጠል አይጠረግም። የወደቀው በወደቀበት ይቆያል፤ ምስጥና ትል ፈንገስም ይበሉታል፤ የእነሱ ትርፍ የእንሰቱ ቀለብ ነው። ደጃፉ ግን ተጠርጓል። ጥራጊው የሚሄደው እንሰት ሥር ነው። ጥርጊያው የሚያልቅበትና ማዳበሪያው የሚጀምርበት መስመር አንድ እርምጃ አይሞላም፤ አጽጂው ማን እንደሆነና ምን እንደሚበላ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ሳወራ «ገነት ሣልሽ» እባላለሁ። የዚሁ የመሬት አያያዝ ጥናት ያደረጉት ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን መጽሐፍ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት» በሚል ፍሬ ነገር ሲሰይሙት መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት አኑረዋል። ምልክቱን እወደዋለሁ። ብርብራ ራሱ የጥያቄ ምልክት ያለበት ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ለቡናው ጥላና ለም አፈር ይሰጣል፤ ፍሬው ግን ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ያደነዝዛል። በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲጠመድበት ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዓሣው ከውሃው የወሰደውን ኦክስጅን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ልጆች የብርብራ ፍሬ ይዘው ሲመጡ ከገንዳው አርቃለሁ። ለማሳው ቸር የሆነው ለውሃው ነፍሰ ገዳይ ነው።

ቡናውም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይጎርፋል። ይፈለፈላል፣ ቀዩ ልጣጭ ይለያል፤ ፍሬው ላይ የቀረው ስኳርማ ዝልግልግ ገንዳ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይብላላል፤ ከዚያ በቦይ ውሃ እየተገፋ ይታጠባል። ዝልግልጉን ከፍሬው የሚያላቅቁት ራሳቸው የማይታዩ በላተኞች ናቸው፤ ያለ እነሱ ረሃብ የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና የለም። ቀማሾች ይህን ቡና ሲያወድሱ ከአበባውና ከሎሚው ቃና በፊት ስኒው ንጹህ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ያ የታጠበው ስኳርስ? ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተቆፍሮለት በዚያ ካልተያዘ ወንዝ ይገባል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደ ዓሣ ገንዳው ባክቴሪያዎች ሁሉ ይበሉታል፤ ሲበሉ ደግሞ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ድንጋይ ላይ ይፍቅ የነበረው ዓሣና ከድንጋይ ሥር የነበረው ትል ሁሉ ይታፈናል። ገንዳው ውስጥ ጽዳት ያልነው ያው ረሃብ፣ ወንዙ ውስጥ ብክለት ይባላል። በላተኛው አልተለወጠም። የቀረበለት ገበታ ነው ከአቅሙ በላይ የሆነው። ስኒው ንጹህ ነው ሲባል ስሰማ ደስ ይለኛል፤ የመንደሬ ቡና ነውና። ግን ሳፋው የት ነው የሚለውን ጥያቄ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚህ ዳገት ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው አባያ ነው። አባያ ቡናማ ቀይ ሐይቅ ነው፤ ከየተፋሰሱ የታጠበው ደቃቅ አፈር አይዘቅጥም፣ ብርሃኑም ብዙ ሳይወርድ ይቋረጣል። ብርሃን ከሌለ አልጌ የለም። ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው ጫሞ ደግሞ አረንጓዴነቱ ይበዛል። ሁለቱን ከአርባ ምንጭ አፋፍ ላይ ቆሞ በአንድ ዕይታ የሚያይ ሰው በአንድ ፀሐይ ሥር ሁለት ቀለም ያያል። ሳሎን ውስጥ አረንጓዴ የተረፈን ሰዎች ስለ አረንጓዴ ስናማርር፣ አፈር የዘጋው ሐይቅ አረንጓዴ ተርቧል። ከብርብራው ሥር ያልተጠረገው ቅጠል አፈሩን ይዞ ካልቀረ አባያ ላይ የሚደርሰው ያ አፈር ነው።

የሀገራችን ታላቁ አልጌ በል ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ሳህን ላይ ነው የምናውቀው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ ጉልምስናው ላይ ዋነኛ ምግቡ አልጌ ነው። ይህ ቀላል ምግብ አይደለም፤ የሰማያዊ አረንጓዴው አልጌ ሕዋስ ግድግዳው ጠንካራ ነውና የብዙ ዓሣ ሆድ አይሰብረውም። ሞሪያርቲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ከኡጋንዳው ጆርጅ ሐይቅ ያወጣው ጥናት ምስጢሩን ገልጦታል፤ የቆሮሶ ጨጓራ አሲዱ ከሎሚ ጭማቂ የባሰ ኮምጣጣ ነው። ደስ የሚለኝ ግን ዝርዝሩ ነው። አሲዱ ሌሊት አይመነጭም፤ ጠዋት መብላት ሲጀምር ነው ቀስ በቀስ የሚመጣው። ስለዚህ ማለዳ የተዋጠው አልጌ ሳይፈጭ፣ አረንጓዴ እንደ ሆነ፣ በሕይወት እያለ በማዶ ይወጣል። ጌታቸው ተፈራም በሐዋሳና በጫሞ ቆሮሶ ምን እንደሚበላና ምን ያህሉን እንደሚጠቀምበት አጥንተዋል። ማንም የቀጠረው የለም። ይበላል፤ እኛ ደግሞ እሱን በዳጣ እንበላዋለን።

ፋቂ ዓሣም ከደቡብ አሜሪካ ማስመጣት አያስፈልግም ነበር። በሳይንስ ስማቸው «ጋራ» የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች በኢትዮጵያ ወንዞች ሞልተዋል፤ አገጫቸው ሥር የመጣበቂያ ሳህን አላቸው፣ ጎርፍ በሚወረወርበት ድንጋይ ላይ እሱን ተክለው አልጌ ይፍቃሉ። ከጣና አካባቢ የተገኘውን አንዱን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሜላኒ ስቲያስኒና አበበ ጌታሁን እ.ኤ.አ. በ2007 ሌሎች አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ከአምስቱ የጣናው አንዱ ስሙን ያገኘው የመጣበቂያ ሳህኑ ስላነሰ ነው። በረጋ ሐይቅ ውስጥ የሚገፋው ጅረት የለም፤ አጥብቆ መያዝም አያስፈልገውም። ከወንዝ ይዤ ወደ ገንዳዬ እንዳላመጣቸው የሚያደርገኝ ይኸው ነው። ጅረት የለመደ፣ ኦክስጅን የጠገበ ዓሣ መብራት በሚጠፋበት ሳሎን ውስጥ ምን ይሆናል? የሀገር ፍቅር ዓሣን በመስታወት ውስጥ ለማፈን ምክንያት አይሆንም።

የባዕዱስ ፕሌኮ ነገር? ጣት አክሎ ይሸጣል፤ ሻጩ ግን 30፣ አንዳንዱም 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ እንደሚያድግ አይናገርም። ከሚፍቀው አልጌ በላይ ኩስ የሚያወጣበት ጊዜ ይመጣል። አጽጂው ያኔ የገንዳው ትልቁ አቆሻሽ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ በዚህ ደረጃ የደረሰ ፕሌኮ ዕጣው ወንዝ ነው፤ ባለቤቱ መግደል አያስችለውም፣ ነፃ አወጣሁት ብሎ ይለቀዋል። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ የወንዝ ዳርቻ እየቦረቦረ ጎጆ ይሠራል፣ ዳርቻውም ይናዳል። ሜክሲኮ ውስጥ ኢንፊየርኒዮ በተባለው ግድብ ዓሣ አጥማጆች በቆሮሶ ዘመዶች ሲኖሩ ነበር፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ መረባቸው ማንም በማይገዛው ፕሌኮ ተሞላ። የቆሮሶ ዘመዶቹም እዚያ ከአፍሪካ የሄዱ እንግዶች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ እንግዳ እንግዳን አባረረ። እኛም ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። እምቦጭ ከአማዞን የወጣው ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ነው፤ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ። ቆቃ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. ታየ፤ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ.። ገበሬው ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ የነቀለው አረም የአንድ ሰው የጌጥ ኩሬ ትርፍ ነበር።

የኔ ፕሌኮ አሁን ክንድ ሊያክል ምንም አልቀረው። ዞር ሲል ጠጠሩ ይታመሳል። አንድ የማውቀው ሆቴል ግቢው ውስጥ ፏፏቴ ያለው ገንዳ አሠርቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ቤቴ መጥቶ ሲያየው «ለእኛ ስጪን፣ እዚያ እንደ ልቡ ይዋኛል፣ ገንዳውንም ያጸዳልናል» አለኝ። ሄጄ ገንዳውን አየሁት። ያማረ ነው። ክረምት ሲሞላ ትርፉን የሚያወጣው ቱቦ ግን ከግቢው ጀርባ ቦይ ላይ ይከፈታል፤ ቦዩም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ ይበየድና እሰጣለሁ አልኩት።

«ለአንድ ዓሣ?» አለኝ። «አንድ ዓሣ ብቻውን አይወልድ!»

«የሚቀጥለው ሰውም አንድ ነው የሚያመጣልህ።»

ሽቦው እስካሁን አልተበየደም። እኔም ትልቅ ገንዳ ለማሠራት መስታወት ቤት ሄጄ ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ 12 ሚሊ ሜትር መስታወት ዲላ ላይ የለም፣ ከሐዋሳ እስኪመጣ ጠብቂ ብለውኛል። እስከዚያው ጎመኑ በቀን አንድ ቅጠል የነበረው ሦስት ሆኗል።